ለጥቅምት አንድ አጥንት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
ቆርቆሮው አመዳይ እንደ ዱቄት ልሶ፣
ኑርዬ ከደጄ ቆሞ ያንኳኳል፤
«ተነስ እንጂ ጃል! ብርድ በመተኛት መች ይሸነፋል?»
አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይተፋል።
አንገቱ ላይ ያለው የእህቱ ሻርፕ ነው፤
ቀይ ነው፣ ተተርትሯል።
«መሳቁን ሳቅ» አለኝ፣ «ሙቀቱ የኔ ነው።»

አበጋዝ መናኸሪያ ቀድሞን ተሰልፎ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ እሸት ባቄላ አቅፎ።
ተዋበች ከኋላ፣ የአባቷን ቡሉኮ በትከሻዋ ጥላ፤
(የሳጥን ሽታ አለው፣ ዓመት ሙሉ ታጥፎ የከረመ ገላ።)
«ለሽርሽር ቡሉኮ?» ቢላት የመኪናው ረዳት፣
«ማታ ትለምነኛለህ» አለችው፣ ሳትስቅለት።

ጢጣን አልፈን ነበር ወሬው ሲነሳ።
«ለጥቅምት አንድ አጥንት» አለ አበጋዝ፣ እጁን እያሻሸ፣
«አባቴ በዚህ ወር ሙክት ሳይጥል መች አመሸ?»
ዝም አልን።
አጥንቱስ እሺ፤ ቢላው ግን የማን ይሁን?
የኔና የተዋበች አንድ፣ የነሱ ሌላ፤ ሁለት ነው ቢላችን፤
የማይከፈለው ብርዳችን።
ድሮም እንዲህ ነን፦ ሰርግ ሲሆን ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ፤
ልቅሶ ሲሆን አንድ ድንኳን። እንባን ማን አርዶት ያውቃል፣ ወዳጅ?

ተዋበች ናት የፈታችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ መስኮት ተደግፋ፦
«ዓሣንስ ማን ያርደዋል? ከውሃ ሲወጣ ነው ነፍሱ የምትጠፋ።»

ሐይቁ ገና አልነቃም፣ በላዩ ጭስ መሳይ ይንሳፈፋል፤
ከደንገሉ ጥግ አንድ ልጅ በታንኳው መረብ ይሰበስባል፤
ጣቶቹ ቀልተዋል፣ እፍ ይልባቸዋል።
ስድስት ቆሮሶ ገዛን። ስንከራከረው ሰባተኛ ጨመረ፣
ትንሿን፣ ጅራተ ቆራጣዋን፤ «ይቺ ለብርዱ ናት» ብሎ ቀለደና ዞረ።

እሳቱን ያነደደው አበጋዝ ነው ማለት ውሸት ነው፤
እሱ ያነደደው ጭሱን ነው፤ እሳቱን ኑርዬ ነው።
ባቄላው በፍሙ ላይ ፈነዳ፣ ተንጣጣ፣
ጣታችን ጠቆረ፣ ከንፈራችን ጨው አወጣ።
ሚጥሚጣው የኑርዬን አፍንጫ አፈሰሰው፣
«አለቅሳለሁ እንጂ አልተውም» እያለ ጨረሰው።

«ቢስሚላህ» አሉ ሁለቱ፤ ሁለታችን አማተብን፤
ከዚያ አራት ቀኝ እጅ ሆነን አንድ ትሪ ላይ ወረድን።
ራሱን ማን ይብላ በሚል ጠብ ተነሳ፤
ኑርዬ ዓይኑን ሲመጥ አየን፣ ጠቡም ተረሳ።

አበጋዝ ከጥርሱ መሃል አንዲት እሾህ መዘዘ፣
ቀጭን፣ ነጭ፤ በሁለት ጣቱ ወደ ፀሐይ ያዘ።
«ይኸው» አለን፣ «የጥቅምት አጥንታችን!»
ሳቅን፤ ፈለግን ደግሞ እኛም ከየአፋችን፣
በትሪው ጠርዝ ላይ ደረደርናቸው፤
ነፋስ መጣና አደባለቃቸው።

ማታ ስንመለስ የመኪናው መስኮት አልዘጋም አለ፤
ረዳቱ፣ ያው የጠዋቱ፣ ከበሩ ጋር ታጥፎ ዋለለ፣
ጥርሱ ተንገጫገጨ።
ተዋበች የቡሉኮውን ጫፍ ዘረጋችለት፤
«ብዬህ ነበር» እንኳ አላለችው። አለበሰችው፣ ዝም አለችለት።

እሁድ ምንም አልሠራንም።
የኑርዬን ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው ሦስት ሰዓት ካለፈ ነው፤
ተዋበች ከቅዳሴ እስክትመጣ ጠበቅን፣
ከዚያ ጀርባችንን ለጭቃው ሰጥተን
ሸንኮራ እየላጥን፣ ምጣጩን እየተፋን፣
ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል አብረናት ፈቀቅ አልን፣
እስከ ጥጉ ድረስ።
ጥጉ ላይ ግድግዳው አለቀ።

«ነገ ሰኞ ነው» አለ አንዳችን።
የመለሰለት የለም።
ጣቴን አሸተትኩት፦
አሁንም ዓሣ፣ አሁንም ጢስ።