አራተኛ ሰው

ኤቤሊዮ፣ ጎረቤቴ፣ የግራ በሩ ሰው፣
ሁለት ወር ሙሉ መስኮትህን ሳትከፍተው
መኖርህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ሰው በቤቱ ያዛል።
እኔን የቸገረኝ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰው ይጎድላል፤
ሐሙስ ማታ ሦስት ነን፣ ሜዳው ግን አራት ይላል።

አራተኛው ሊሳርዶ ነበር፣ በግራ እጁ የሚመታ፣
ነጥብ ሰርቆ የሚያሸንፍ፣ ቢራ የሚከፍል ማታ።
በግንቦት ጉልበቱ ከዳው፤
ልጁ መጥታ ቢልባኦ፣ ዝናብ አገር፣ ወሰደችው።
ራኬቱን «ለሚተካኝ» ብሎ ትቷል፤
ትናንት በርህ ሥር ያስቀመጥኩት እሱኑ ነው፤ አይተኸዋል።

እንደ ቴኒስ ጅማት የለውም፤ ደረቱ እንደ ወንፊት ብስ ነው።
ገመዱን አንጓህ ላይ እሰር፣ አደራ፣ ጠበቅ አድርገው።
ባለ መድኃኒት ቤቷ ካሲልዳ ስትስቅ ጥርሷ ላይ ወርቅ አለ፤
ወርቁን ካየህ ሰሙ ይኸው፦ ገመድ ያላሰረ ሰው ነው።

ቦታው ሩቅ አይደለም። ባሕሩን በቀኝ ጉንጭህ ይዘህ፣
በዓሣ ገበያው ጀርባ፣ የቀለጠ በረዶ ኩሬ ዘለህ፣
አውቶቡሱ የሚዞርበት ድረስ
(ሃያ ስድስት ዓመት ያዞርኩት እኔ ነኝ)፤
አሮጌው የቡሽ መጋዘን ጋ ቀና በል።
አራት መብራት አለ፣ የእሳት እራት የሚዞረው፤
ከሥሩ የመስታወት ሣጥን፣
ዓሣው ያለቀበት ገንዳ የሚመስል፣
ምንጣፉ ሰማያዊ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት።
ማላጋ ውስጥ ከዚህ ያማረ ሞልቷል፤ ጣሪያ ያለው፣
ሎሚ የተቆረጠበት ውሃ የሚያቀርብ ልጅ ያለው።
የእኛው ርካሽ ነው። በሩ ሲከፈት ያለቅሳል።

ስትጀምር ኳሷን አንጥረህ፣ ከወገብህ በታች፣
እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ ብለህ ላካት።
ኤውቲሚዮ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ «ያንተ!» ብትለው ይስቃል፤
ስለዚህ መሐል የመጣች ሁሉ ያንተ ናት።
ቆጠራው አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ እያለ ነው የሚሄደው።
አርባ ሲባል አትደንግጥ፣ ማንም አልሞተ፤
ከአርባ በኋላ ነው ብዙ ጨዋታ የተከፈተ።

ስታልፍህ ደግሞ፣ ማለፏ አይቀርም፣ ሁሉንም ታልፋለች፣
አትሩጥ፣ እጅህን በባዶ አየር አታወናጭፍ።
መሬት ነክታ ወደ ኋላ ትሂድ፤ መስታወቱ አለ።
ዞር በል፣ ጠብቃት።
ሌላ ጨዋታ ላይ ያለፈ አለፈ፤
እዚህ ግን ያለፈው ተመልሶ ይመጣል፣
ዘገም ብሎ፣ ቁጣው በርዶ፣
በእጅህ ልክ።
ኳስም እንደ ግጥም ናት፤ ቤት ካልመታች አትጥምም።
ሃያ ስድስት ዓመት ኋላዬን በመስታወት ያየሁ ሴት
ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ቴራል የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ኳሷ ታብዳለች፤
ያን ቀን ማንም ማንንም አይወቅስም፤ ሕጋችን ነው።

እኔና አንተን የሚለየን አንድ ረድፍ ጡብ ነው።
ሌሊት ስልክህ ላይ የምትከፍተውን ድምፅ፣
የዚያችን ሴት ሳቅ፣ ከዚያ «ደህና ሁን»ን፣
ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣
አልሰማሁም። ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፤
የእኔ ግድግዳ ግን አፍ የለውም።

ይኸው ወረቀቱን ላጥፍ ስል
በጡቡ በኩል ጧ አለ። ዝም። ደግሞ ጧ።
ቤቴን እየመታህ ነው፤ የመኝታ ቤቴ ሥዕል ተንጋደደ።
አልቆጣም። ክርንህ ግን ከፍ ብሏል፣
ከድምፁ ያስታውቃል፤ ዝቅ አድርገው።

ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ፎጣ ያዝ።
ኪራዩን አራት ቦታ እንከፍለዋለን።

ፉኤንሳንታ፣ የቀኝ በር