ይሸከመናል ወይ?

ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከማዘጋጃው ፊት ለፊት፣
ኬክ ቤቱ በረንዳ አንድ እግሩ አጭር ጠረጴዛ አለ፤ ጉባኤ ተቀመጥንበት።
አራት ነን። አምስተኛው ንጋቱ በስልክ ነው፣ ተረኛ ነው ዛሬ፣
ድምፅ የሚሰጠው ከማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሚቆራረጥ ወሬ።

አጀንዳው አንድ ነው፦ ቅዳሜ ዓሣ ልናጠምድ፣
ወደየትኛው ሐይቅ እንሂድ?

ልሳነወርቅ ሶፍት ዘረጋ፣ በእስክሪብቶ ክብ ክብ ሠራ፤
«ይኼ ዝዋይ፣ ይኼ ላንጋኖ፣ ይኼኛው ሐዋሳ፣
ይኼ ደግሞ ሆራ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን የለውም ዓሣ።»

«ማነው የለውም ያለህ?» አለች ዓይናለም ቱግ ብላ፣
«የአጎቴ ልጅ ያወጣው እኮ…» ከክንዷ ጋር አስተካክላ።
(አምና ያው ዓሣ እስከ ክርኗ ነበር፣
ዘንድሮ ትከሻ ደርሷል፤
ለከርሞ፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ አይቀር።)

ሙክታር ዝዋይን አይወድም፤ ትንኙ በስሙ ይጠራዋል፣
አንዴ ለሥራ ሄዶ ቢያድር፣ እስከ ዛሬ ያሳክከዋል።
«ሐዋሳስ?» «ሐዋሳ ዓሣው ተጠብሶ ነው የሚጠብቀን፣
መንጠቆ ይዘን ብንሄድ ሾርባ ሻጯ ትስቅብን።»
«ወንጪስ?» «ፈረስ እፈራለሁ።» «ቆቃስ?» «ጉማሬ እፈራለሁ።»
ንጋቱ ከስልኩ ውስጥ፦ «እኔ የነዳጁን ሰልፍ…» ብሎ ጠፋ።

ደሞ ፍልሰታ ገብቷል። ብንይዝስ፣ ይበላል ወይ?
ዓይናለም ትበላለች፤ ልሳነወርቅ ወይ ፍንክች።
ዳኛ ሙክታር ሆነ፣ እሱን ስለማይመለከተው፤
«መጀመሪያ ይያዝ» ብሎ ፈረደ፣ መዝገቡንም ዘጋው።

ሽብሩ ብቻ ዝም ብሏል። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፣
ብርድን ሚንስክ ድረስ ሄዶ ነው የተማረው።
«እዚያ» አለ፣ «ሐይቅ ስንመርጥ ዓሣ አለው ወይ አንልም፤
ዓሣ ቢኖር ባይኖር ሰው አያሰምጥም።
በረዶውን በተረከዝ መታ መታ አድርገን፣ ጆሯችንን ደፍተን፣
ይሸከመናል ወይ? ነው የምንለው፤ ሁላችንን፣ ከነባልዲያችን፣ ከነሣቃችን።
ከዚያ የሳህን አፍ የምታህል ቀዳዳ እንሰረስራለን፣
ባልዲ ደፍተን፣ ተቀምጠን፣ ቀኑን ሙሉ ያቺን እናያለን።»
«ከያዛችሁስ?» አለው ሙክታር።
«ከያዝንማ ቀኑ ተበላሸ፤ መነሣት ይመጣላ!»

ገና ሳንስቅ፣ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣
ጣሪያው ላይ ሺህ ሰው ሽምብራ መቁላት ጀመረ።
በረዶ።
ሃያ ደቂቃ። ሲያባራ ፒያሳ ነጭ ለብሳለች፤
የሚኒባሶቹ ጀርባ፣ የሎተሪ አዟሪው ጃንጥላ፣
ለመንገድ ተቆፍሮ ከሰኔ ጀምሮ ውኃ ያቆረው ጉድጓድም
ዳር እስከ ዳር ነጥቶ፣ ጭጭ ብሎ።

ሽብሩ ተነሣ።
የኬክ ካርቶን ሲባጎ ከጃንጥላው ጫፍ አሰረ፣
የኬክ ሹካ አጣሞ ከሲባጎው ጫፍ አሰረ፣
የለስላሳ ሣጥን ተሸክሞ እስከ ጉድጓዱ ሄደ።
በተረከዙ መታ መታ አደረገው። ጆሮውን አዘነበለ።
«አይሸከመንም» አለ፣ «ዳሩ ግን ይበቃናል።»

አንድ በአንድ መጣን። ሣጥን ደፍተን ተቀመጥን፣
በጃንጥላው እጀታ የሳህን አፍ የምታህል ቀዳዳ ከፈትን።
የፓርኪንጉ ልጅ ደብተሩን ይዞ ከላያችን ቆመ፣
ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፣
ቀዳዳዋን አያት፣ ድምፁን ቀንሶ፣
«ነከሰ?» አለ።

የሕንጻው መብራት በራ። ማንም ስለ ቅዳሜ አላነሳም፤
ዓይናለም እንኳ እጇን አልለካችም።

ስልኩ ጮኸ፦ «የት ወሰናችሁ?»
መልስ የሰጠው የለም። ሙክታር ስልኩን ቀስ አድርጎ
ከቀዳዳዋ አፍ አስጠጋለት፤
በረዶው ይቀልጣል፤ ጠብ… ጠብ… ጠብ…
ንጋቱ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።
«ላንጋኖ ነው አይደል?» አለ በመጨረሻ፣
«በድምፁ አወቅሁት።»