አንድ ሦስተኛ

ሐዋሳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከታቦር ተራራ ማዶ፣
ጃንጥላዬ ተዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናዬ ተጠምዶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት ጽፌያለሁ፤
የፍቺ፣ የድንበር፣ የውርስ፤ ዋጋውን በገጽ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች፣ ወይዘሮ መሠለች ሌዳሞ፣
ባጃጁ ሳይቆም ወርዳ፣ ፊቷ በእንቅልፍ እጦት ደክሞ።
የምክር ቤት አባል ነች፤ ባጇ ደረቷ ላይ ያበራል፤
ግን ወረፋ ያዘች፤ ከፊቷ አንድ ሽማግሌ ስለ በሬው ያወራል።

«ይጻፉልኝ ጋሼ» አለች። ጻፍኩ።
«እጅ አውጥተን ያጸደቅነው የጤና ኬላው በጀት፣
በአንዲት ገጽ ደብዳቤ ዞረ፤ ሳንጠየቅ፣ ሳንሰማት።
ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደው እጄ ነው፤
ያወጣሁት እጅ የት ገባ? ሕገ መንግሥቱን ልጠይቀው።»

ጣቴን ከቁልፉ አነሣሁ። ሕጉን አውቀዋለሁ እኔ፤
ስንቱ መዝገብ ሲመለስ አይቻለሁ በዓይኔ።
«እመቤቴ፣ አንድ አባል ብቻውን አይበቃም፤
አንድ ሦስተኛ ካልሞላችሁ መዝገቡ ከእንቅልፉ አይነቃም።»

«ቆጥሬአለሁ» አለች።
ደብተር አወጣች፤ ስሞቹ በእርሳስ ናቸው። አንዱን ጉንፋን ይዞታል፤
አንዱ «ከበዓል በኋላ» ብሏል፤ በዓሉ ግን አልፏል።
አንደኛዋ ፈርማ ነበር፤ ሌሊት ስልክ ተደውሎላት፣
ንጋት ላይ መጥታ ላጲስ ለመነች፤ መሠለች ደብተሩን ያዘችላት።
የቀሩት ሰባት ናቸው።
ሰባት።

«ድር ቢያብር…» ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ፤
ሌሊቱን ስትፈትል ላደረች ሴት ስለ ድር ላስተምር? አፈርኩ።

«አቋም አለኝ» አለች፤ «አቋም ሞልቶኛል።
መቆሚያ ነው የነፈጉኝ። ሰው ያለ መቆሚያ የት ይቆማል?»

ከአሞራ ገደል በኩል ነፋሱ የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ።
መብራት እንጨቱ ላይ አንድ አባ ኮዳ
በአንድ እግሩ ቆሟል፣ ሌላውን አጥፎ፤
ሳየው ቆይቼ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

«የአመልካቾች ብዛት» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ።
ሰባት እንድትል ጠበቅኩ።
«አንድ ይበሉ» አለች። «ሰባቱ ልጆች አሏቸው።»
«እርስዎስ?» አልኳት። አልሰማችኝም፤
ወይም ሰምታለች።

እንደሚመለስ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች።
ሦስት ገጽ ወጣ፤ የአንዱን ገጽ ዋጋ ብቻ ተቀበልኩ።
ባጃጅ ጠራች፤ ፖስታውን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሄደች።
የካርቦን ቅጂውን እኔ ጋ አስቀረሁት፣
ከጃንጥላው ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው በኩል።