የጥፍር ያህል

ጦሳ ጉም ለብሷል፤ መስኮቴ ባዶ ገጽ ነው፤
ከፊቴ የስድስት ወር ሪፖርት ተከምሯል፤
የሐረጎ ቁልቁለት የወሰደው ሰው
በሰንጠረዥ ታስሮ በረድፍ ተደርድሯል።

ቀን። ሰዓት። የሰሌዳ ቁጥር።
«የጉዳት ዓይነት» በሚለው አምድ ሥር
ሠላሳ አንድ ጊዜ አንድ ቃል፦ «ሞት»።
ዓይኔ ከሦስተኛው በኋላ አልቆመም፤
ተንሸራቶ ወረደ፣ እንደ መኪናው፣ ያለ ፍሬን።

መጀመሪያ ክብ ሣልኩ።
ቆራረስኩት፦ ለሚኒባስ ቢጫ፣ ለአይሱዙ አረንጓዴ፣
ለባጃጅ ሰማያዊ፣ ለእግረኛ ደግሞ ሮዝ።
ኃላፊው ወደዱት። «ያምራል» አሉ።
ወረቀት ሊያስፈርም የመጣው ረዳቱ ሙሄ ግን
አንገቱን አስግጎ አየና ጠየቀኝ፦
«ይሄ ኬክ የማን ልደት ነው?»

ከዚያ ዘንግ አቆምኩ፤
ያምናው ሠላሳ አራት፣ የዘንድሮው ሠላሳ አንድ፣
ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት ወንድማማች።
«ልዩነቱ አይታይም» አሉኝ፤
«ከዜሮ ለምን ትጀምራለህ? ከሠላሳ ጀምር።»
ጀመርኩ።
የዘንድሮው ባንዴ ድንክ ሆነ፤
ሞት በሩብ የቀረ መሰለ።
ቁጥሩ አልዋሸም፤ የዋሸው ወለሉ ነው፤
ከወለሉ ሥር ሠላሳ ሰው ተቀበረ።

በዚያ ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣
ጆሮዬ ተደፈነ፣ ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤
በየጥምዝምዙ ትከሻዬ ጎረቤቴ ላይ ሲወድቅ
መንገዱን ገላዬ ሲያነበው አገኘሁት።
ሆድ የሚያውቀውን ዓይን ለምን ይርሳው?
ሠላሳ አንድ ያልከው ይቀላል፤ አንድ ያልከው ይከብዳል፤
ሚዛኑ የልብ እንጂ የገበያ አይደለም።

በነጋታው ክቡንም ዘንጉንም ተውኩ።
መንገዱን ራሱን ሣልኩት፣ እንደ ተጣለ መቀነት፤
አንድ ሰው፣ አንድ ነጥብ፣ በወደቀበት።
ቀይ አላደረግኩትም፦ ቀይ በዝቷል በከተማው፣
በየሱቁ ደጃፍ፣ በየታክሲው ግንባር፣ በየማስታወቂያው፤
ዓይን ለምዶታል፤ አይደነግጥለትም።
ጥቁር ብቻ፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ።
ለቅሶ ቤት ጌጥ እንደማይሰቀል
ዙሪያውን ባዶ ተውኩት።

ኃላፊው «ያስፈራል» አሉ። ቢሆንም ፈረሙ፤
መናኸሪያው ውስጥ፣ የኮምቦልቻ ተራ ጋ ተሰቀለ።
ሾፌሮች ጥርሳቸውን እየፋቁ ቆሙ፤
ሙሄ መስመሩን በጣቱ ተከተለ፣
አንዱ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሣ፤
ተሳፋሪ መጥራቱን ለጊዜው ረሳ።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ጦይባ መጡ፤
ሽንኩርታቸውን ሸጠው፣ ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው።
«የኔ ልጅ የትኛው ነው?»
ፋይል ገለጥኩ፤ ቀን አመሳከርኩ፤ አሳየኋቸው።
ረጅም ጊዜ አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።
«እዚህ አይደለም።
ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ ውሃ ከሚያንጠባጥበው ድንጋይ ማዶ፣
ዋርካው ጋ።
ጫማውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ዝም አልኩ።
በክቡ ላይ ቢሆን፣ በሮዙ ቁራሽ ውስጥ፣
ስህተቴን ማን ያገኘው ነበር?
በዘንጉ ላይ ቢሆን፣ ከወለሉ ሥር ካሉት ጋር፣
በየት በኩል ይጠሩት ነበር?

የድሮውን ነጥብ በነጭ ቀባሁ፤
አዲሱን በጥፍራቸው ባመለከቱት ላይ አኖርኩ።
በወረቀት የጥፍር ያህል፤
በመንገድ ሁለት መቶ ሜትር።
«አሁን ልክ ነው» አሉ፤
ማዳበሪያቸውን በብብታቸው ይዘው ተሰለፉ፣
ለዚያው መንገድ፣ ለዚያው ሚኒባስ።

ሙሄ የፊቱን ወንበር አስለቀቀላቸው።
ለሾፌሩም፣ በጆሮው፣ አንድ ነገር ነገረው።