ማሰሪያ አንቀጽ በኮዬ ፈጬ

አውቶቡሱ እዚህ ያልቃል። ከዚህ ወዲያ ጤፍ ነው፣
ያላለቀ ፎቅ ነው፤
"መጨረሻ!" ሲል ነው ሾፌሩ ጮክ ብሎ
የኮዬ ሰው የሚነሣ፣ ዕቃውን አንጠልጥሎ።

እኔ አራተኛ ፎቅ ሁለት ጀሪካን አውጥቼ፣
መብራት እስኪሄድ ድረስ ደብተር ዘርግቼ
መምህር ልሣኑ የተዉልኝን አነባለሁ፤
የፋርስ ግጥም ነው፣ በእኛ ፊደል የገለበጡት፣
ከየቃሉ ሥር አማርኛውን በእርሳስ ያስቀመጡት።

"ግሡ እንደ እኛው ነው" ይላል የኅዳጉ ጽሕፈት፣
"ተሳቢ ይከተላል፣ ይቀድማል ባለቤት፣
ማሰሪያው ከዳር ነው።"
ከዳር! እንደ ኮዬ ነዋሪ፣
መሃል ከተማ ውሎ ከጫፍ አዳሪ።

ባለቅኔው ግን ቤት ሊመታ ሲል ግሡን ያስነሣዋል፣
ከመጨረሻው ፌርማታ አምጥቶ ፊት ያቆመዋል።
"መጣ" ይላል አስቀድሞ፣ ማን እንደሆነ ሳይናገር፣
በሩን ከፍቶ ያስጠብቀናል እስከ ስንኙ ዳር።
እኔ "መጣ ልጁ" ስህተት ነው ብዬ
ስንት ደብተር በቀይ አድምቻለሁ፣ አቤት ዕዳዬ!

"የአትክልቱ አበባ" እንላለን፣ አትክልቱን አስቀድመን፤
እነሱ አበባውን ጠርተው፣ ከኋላው ቀጭን "ኤ" ሰፍተው፣
ግዕዝ "ቤተ መቅደስ" እንዲል።
መምህሩ "ዘመዳሞች" ብለው ጽፈው ሰርዘውታል፤
"አይደሉም። አንድ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤቶች" ይላል።

የወዳጅ ቁመት እዚያ ጽድ ነው። እሳቸው "ባሕር ዛፍ" አሉና
ደለዙት፤ "ምንጭ ያደርቃል" ብለው።

አንዲት ስንኝ ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተተርጉማለች።
በፋርስ "እሱ"ም "እሷ"ም አንድ ቃል ነው፣ "ኡ"፤
ግሡም አያጋልጥም።
አማርኛ ምስጢር አይችልም፤
"መጣ" ወይ "መጣች" ሳይል አፉን አይዘጋም።
አንዱ ገጽ ላይ "መጣ"፣ ሌላው ላይ "መጣች"፣
ዘጠነኛው ላይ "መጡ"፤ ወዳጅ በአንቱታ፣
ከዘራ ይዘው፣ ልብ የሚሰብሩ በሰላምታ።
ብቻዬን ሣቅሁ።

አሥራ አንደኛው ግሥ የለውም።
"ሌሊት፣ በሩ፣ የወዳጅ እጅ"
ከሥሩ፣ በዚያ በማውቀው ቀጥ ያለ እጅ ጽሕፈት፦
"ባለቤቱ አልታወቀም።"
ሣቄ ቆመ። ሚስት አላገቡም ነበር፤
ማንም አልጠየቀም።

መብራት ሄደ። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማኝ።
"ማነው?" አልኩ፤ ምላሴ ቀድሞ ወንድ አደረገው።
ጎረቤቴ ናቸው፤
ጀሪካኔን ሊመልሱ መጡ።