አንድ እርምጃ

ከታቦር ተራራ ሥር፣ በተከራየኋት ቤት፣
መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ፀሐይ እንዳትገባበት፣
ስልኬን ከበርጩማ በጎማ አስሬ ጥብቅ፣
አምፖሉን በሽቦ ወጥሬ፣ እንዳይል ንቅንቅ፣
አባ ኮዳን ላራምድ ተቀመጥኩ።

አጥንቱ የመዳብ ሽቦ፣ ሥጋው የፍራሽ ስፖንጅ፤
ላባው የራሱ ነው፣ ከአሞራ ገደል የለቀምኩት፣
በረኪና አጥቤ ጣራ ላይ ያደረቅኩት፤
የጉሮሮው ኮዳ የሕፃን ካልሲ ነው፣
አሸዋ ሞልቼ በክር የቋጠርኩት።
ከፊቱ የካርቶን ሐይቅ፣ ዳር ላይ የቆርቆሮ ዓሣ።

አንድ እርምጃ ብቻ።
እግሩን አንሥቶ እስኪያሳርፍ
አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መያዝ።
የገብስ ፍሬ ያህል ገፋ፣ ቀጭ፤
የገብስ ፍሬ ያህል ገፋ፣ ቀጭ፤
ይህ ሁሉ ቀጭ ተደምሮ
አንድ ሰከንድ።

ባጃጅ በደጅ ሲያልፍ ጠረጴዛው ይርዳል፣
ወፌ ሳላዘው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።
መብራት ኃይልም ያውቅብኛል መሰል፣
ስምንተኛው ላይ ስደርስ ድርግም።
ዘጠነኛውን በሻማ አነሣሁት፤
ወፉ እግሩን ሳያሳርፍ
ከቀትር ወደ ምሽት ተሻገረ።

አከራዬ፣ የዳንቺሌ እናት፣ በሩ ላይ ቆመው
«ቀኑን ሙሉ ተዘግተህ ምን ሠራህ?» አሉኝ።
«አንድ እርምጃ።»
«ወዴት?»
መልስ አጣሁላቸው።

ከዚያ ስቱዲዮ ቀጠሩኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤
ጥቁር መጋረጃ፣ ቀን የለ ሌት የለ፣
ካሜራው ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ፣
ጄኔሬተሩ ምድር ቤት ሲያጉረመርም የሚውል።
እጅ መታጠብ ለሚያስተምር ፊልም
የጭቃ መዳፍ በጥጥ አረፋ እናጥባለን፤
እውነተኛ ውኃ ቢነካው ይፈርሳል።
ጋሽ ኢዮስያስ ጓንት አጥልቀው ይዞራሉ፤
«አውራ ጣትህ ጭቃው ላይ ቀርቷል፣
አሽተህ አጥፋው፣ ሠሪ አይታይም» ይላሉ።
እውነታቸውን ነው።
እዚያ የሚርድ የለም፣ የሚጠፋም የለም፤
በወር አርባ ሰከንድ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ።

አንድ ማታ የቤቱን ሥራ ከፍቼ ሳይ፣
በአርባ አንደኛውና በአርባ ሁለተኛው መሃል
ወፌ አንገቱን አዙሯል።
እኔ አላዞርኩትም።
ደብተሬን ገለጥኩ፤ «እግር፣ እግር፣ ክንፍ» ይላል፣
አንገት የሚል የለበትም።
ኋላ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ካርድ ልገዛ ወጥቻለሁ፣
በሩን ገርበብ አድርጌ።

ዳንቺሌ አልካደችም። ስድስት ዓመቷ ነው፣
የፊት ጥርሷ የለም።
«ዓሣውን አላየውማ!» አለችኝ፣
«ርቦት እያለ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?»

ያን መዞር ስቱዲዮ ወስጄ
በዚያ ቀጥ ባለ ብርሃን ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፤
ቀስ ሲል ሽማግሌ ሆነ፣ ፈጠን ሲል ሌባ፣
ርቦት የሚዞር ወፍ ግን እንቢኝ አለ፣ አልመጣ።
ጋሽ ኢዮስያስን ጠርቼ የቤቱን አሳየኋቸው።
ሦስቴ መልሰው አዩ። ጓንታቸውን አወለቁ።
«ጠረጴዛው ይርዳል» አሉና
መብራቱን ሳያጠፉ ወጡ።

እሑድ ከዳንቺሌ ጋር አሞራ ገደል ወረድን።
ዓሣ በሚገፉት ልጆች መሃል አንድ አባ ኮዳ
ባንድ እግሩ ቆሟል፣ ሌላውን አጥፎ።
ጠበቅነው። ጀልባ ገባ፣ ጀልባ ወጣ።
የዓሣ አንጀት ወረወርንለት፣ እግሩ ሥር አረፈ፤
እሱ እንደዚያው።
«ሞቷል እንዴ?» አልኳት፣ ልፈትናት ብዬ።
«አልሞተም» አለች፤ «የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ
ካርድ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ነው።»

ግራ ቀኙን አየች፤
ማንም እንዳልመጣ ስታረጋግጥ
እጇን ቀስ አድርጋ ዘረጋች።