ግማሽ ዕድሜ

ማክሰኞ ማታ፣ ይሩሐም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ሠላሳ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ የሚንሾካሾክ ጎረቤት።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በሰዓት ይከፈለኛል፤
የራሴን ሐሳብ ከነጃኬቴ በር ላይ መስቀል ይገባኛል።

መሐንዲሱ አቪኖዓም ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራ፤
ከከተማችን በስተ ደቡብ አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከሸለቆው በግራ።
የኑክሌር ነው፣ ለመብራት፤ "ማብላያ" ብዬ ተረጎምሁ፤
አቶ እንዳላማው ከፊት ወንበር "ምን ሊብላላ?" ሲሉ ሰማሁ።
"ጠላ ከሆነ ይገባኛል፤ ቀኑ ሲደርስ ይጠጣል፤
ይኼን ግን ማን ይቀምሰዋል? አተላውስ በየት ይወጣል?"

ሰው ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤
ለ"አተላ" ልክ የሚሆን ቃል በዕብራይስጥ አላገኘሁም።
"ቆሻሻውን የት ታደርጉታላችሁ?" አልሁ። አነሰ።
ቢሆንም መሐንዲሱ ገባው፤ መነጽሩን አውልቆ አበሰ።

"በብረት በርሜል፣ በዐለት ውስጥ፣ ከማክቴሹ ጥግ ይቀበራል፤
የአንዳንዱ ግማሽ ዕድሜ ሃያ አራት ሺህ ዓመት ይሆናል።"
ማክቴሽ ሙቀጫ ማለት ነው። ሽማግሎቻችንም ያንን ገደል
"የእግዜር ሙቀጫ" ይሉታል፤
ዘነዘናው ጠፍቶ ነፋስ ብቻ ይወቅጥበታል።

"ግማሽ ዕድሜ" ስል አቶ እንዳላማው ራሳቸውን ነቀነቁ፤
"የኔም ግማሹ ወገራ ቀረ፣ ግማሹ እዚህ" ብለው ሳቁ።
"የእሳት ልጅ አመድ ሲባል እንሰማ ነበር ድሮ፤
የዚህ እሳት ልጅ ግን፣ አባቱ ጠፍቶም፣
ይነዳል ተቀብሮ።"

ትርንጎ ተነሣች። ከሐዴራ ነው የመጣችው፤
ከከሰሉ ጭስ ማውጫ ሥር አሥር ዓመት የኖረችው።
የልጇን የአስም መንፊያ ከቦርሳዋ አውጥታ
ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።
"ስለዚህስ" አለች "ማን ስብሰባ ጠራ? ማን ካርታ ዘረጋ?
ከሰል ሲገድል ሳይረን የለው፤ ገብቶ ከልጅ አልጋ
ትንሽ ትንሽ ነው የሚወስድ፤ ስለለመድነው ዝም አልን።"
ይህን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ።
የተከፈለኝ ለዚህ አልነበረም።

ከበሩ አጠገብ የቆመው ሱዌይሊም፣ ከቆርቆሮ ሰፈር የመጣ፣
"ሽቦው በጣራዬ ላይ ያልፋል" አለ፣ "አንድ አምፖል ግን ወደ ቤቴ አልመጣ።
የፀሐይም ይሁን የአቶም፣ ለኔ ወሬው አንድ ነው፤
ቀይ ነጥባችሁ ያረፈችው ግን
ፍየሎቼ ከሚጠጡበት፣ ከግራሩ ሥር ነው።"

"ከሚሊዮን አንድ" አለ መሐንዲሱ፣ "አደጋው ይኼን ያህል ነው።"
አቶ እንዳላማው፦ "ስሙን ንገረኝ፤ አንዱ ማነው?"

አቪኖዓም ክፉ ሰው አይደለም። ቆየና "አላውቅም" አለ።
ከዚያ ሁሉ ንግግር መሐል
ሳልጨነቅ የተረጎምሁት እሱን ብቻ ነው።

"ምልክት ይተከላል" ሲል ቀጠለ፣ "ለመጪው ዘመን አስጠንቃቂ።"
"በምን ቋንቋ?" አልሁ። እኔ! በራሴ አፍ፣ ያለ ማንም ጠያቂ።
ቄሱ አጎቴ የሚያነቡትን ግዕዝ እኔ አላነብም፤
እኔ የምናገረውን አማርኛ ልጄ አትሰማም፤
ያለነው በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ሕንፃ፣ ሦስት ፎቅ ላይ።
ሃያ አራት ሺህ ዓመት ማን ቆሞ ይተረጉማል፣ ከዚያ ድንጋይ?

መውጫው ላይ ቅጽ ታደለ፤ ሁለት ሣጥን፦ እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ።
አቶ እንዳላማው "ጻፍልኝ" አሉኝ፤ እስክሪብቶውን አነሣሁ።
"ከሁለቱም ውጭ ጻፈው፣ ከጠርዙ ላይ፤ አይጠበብህ፦
ማብላያው ከመሠራቱ በፊት ነገሩ ይብላላ፤
ሳይቃጠል በቅጠል፤ የልጅቱም ልጅ ይተንፍስ፤ የፍየሉም ጌታ ይጠየቅ።"
አልበቃም። ጀርባውን ገለበጥሁ።

ቤት ስገባ መሳቢያውን ከፈትሁ። ያቺ የአዮዲን ኪኒን አለች፤
ከሞተ ባትሪ፣ ከመርፌና ክር ጋር፣ ቀኗ አልፎ አርጅታለች።
አልጣልኋትም።
መብራት አብርቼ ነበር ያየኋት፤
ከየት የመጣ መብራት እንደሆነ ሳልጠይቅ።

አጠፋሁት።
በጨለማው ውስጥ ፍሪጁ ማንጎራጎሩን ቀጠለ።